ብሬንት ሚድላንድን በኦርጋን ለማሰብ፦ የ60 ሄርትዝ ሐሞንድ አዲስ አበባ ላይ ይሠራል?

ባለ61፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች።

የአሜሪካው ሮክ ባንድ የግሬትፉል ዴድ ኪቦርዲስት ብሬንት ሚድላንድ ያረፈው ጁላይ 26 ቀን 1990 ነው፤ በእኛ ሐምሌ 19 ቀን 1982። ገና 37 ዓመቱ ነበር። በዚያ ሰሞን አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ ሰዓት መታሰቢያ ምሽት ልናዘጋጅ ነው። ጊታር፣ ቤዝ፣ ድራምና ኪቦርድ አለን፤ ከኪቦርዲስቱ ሌላ ሁለት ዘፋኞች አሉ። ሰው ሁሉ የባንዱን ጊታሪስት ጄሪ ጋርሲያን ያውቃል፤ እኛ የምንፈልገው ከጋርሲያ ጎን 11 ዓመት የተጫወተውን ሰው እንዲሰሙት ነው።

ሁለት አማራጭ አለን። አንደኛው ከአሜሪካ የመጣ ሐሞንድ ቢ-3 ኦርጋን ከነሌዝሊ 122 (ውስጡ የሚዞር ስፒከር) ነው። ሰሌዳው ላይ 117 ቮልት፣ 60 ሄርትዝ ይላል፤ ባለቤቱ ስቴፕ ዳውን ትራንስፎርመር ይበቃዋል ይላል። ሁለተኛው ባለ 61 ቁልፍ፣ ዘጠኝ ድሮባር (ድምፁን ለመቀላቀል የሚሳቡ ዘንጎች) ያለው ዲጂታል ኦርጋን ነው።

ትራንስፎርመሩ በእርግጥ ይበቃል? ወደ ብሬንት ድምፅ ለመጠጋት ድሮባሩንና ሌዝሊውን ከየት ልጀምር? የትኛውን ቅጂ ላጥና? አሟሟቱንስ መድረክ ላይ እንዴት እንናገረው?


ሲንክሮነስ፦

ከመብራቱ ልጀምር፤ እዚህ ላይ ከተሳሳታችሁ የቀረው ልፋት ሁሉ ከንቱ ነው።

ትራንስፎርመሩ አይበቃም። ትራንስፎርመር ቮልት ያወርዳል እንጂ ሄርትዝ አይነካም፤ የእኛ መብራት 50 ሄርትዝ ነው፣ 50 ከገባ 50 ይወጣል። ለሐሞንድ ደግሞ ሄርትዝ ማለት ፒች (የኖታው ከፍታ) ማለት ነው። ቢ-3 ውስጥ 91 ጥርሳም የብረት ጎማዎች አሉ፤ የሚያዞራቸው ሲንክሮነስ ሞተር ፍጥነቱን የሚወስደው ከመስመሩ ሄርትዝ ብቻ ነው። በ60 ሄርትዝ 440 የሚሰጠው ቁልፍ በ50 ላይ 366.7 ይሰጣል። ይህም ሦስት ሰሚቶን (ግማሽ ቶን) ከ16 ሴንት (የሰሚቶን መቶኛ) ያህል መውረድ ነው።

«እንግዲያው ሦስት ሰሚቶን ከፍ አድርጌ ልጫወት» ብትል 16ቷ ሴንት ትቀራለች፤ ጊታርና ቤዙ እሷን ያህል ዝቅ ብለው ካልተቃኙ ኮርዱ ሁሉ ይንቀጠቀጣል። ቢቃኙም ችግሩ አያልቅም። የኦርጋኑን ቪብራቶ የሚሠራው ስካነር የሚዞረው በዚሁ ሞተር ስለሆነ በሰከንድ 7 ገደማ የነበረው ከ6 በታች ይወርዳል። የሌዝሊው ሞተሮችም በዚያው መጠን ይዘገያሉ። ቅኝቱን ታስተካክላለህ፣ የድምፁን እስትንፋስ ግን አታስተካክልም።

ትክክለኛው መንገድ ሄርትዙን መቀየር ነው። ኦንላይን የሚባለው ዓይነት ዩ.ፒ.ኤስ (መብራቱን ወደ ዲሲ ለውጦ እንደገና ኤሲ የሚሠራው) ብዙ ጊዜ ኮንቨርተር ሞድ አለው፤ 50 ተቀብሎ ቋሚ 60 ያወጣል። ከዚያ የሚወጣውን 220 ቮልት 60 ሄርትዝ በስቴፕ ዳውን ወደ 117 ታወርዱታላችሁ። ያኔ ነው ትራንስፎርመሩ ሥራ የሚኖረው። በዚህ ሞድ የዩ.ፒ.ኤሱ አቅም ስለሚቀንስ ማኑዋሉን ሳታዩ አትግዙ፣ አትከራዩም። ርካሹ ኦፍላይን ዓይነት ለዚህ አይሆንም።

ሌላው መንገድ 120 ቮልት 60 ሄርትዝ የሚያወጣ ፒዩር ሳይን ኢንቨርተር በባትሪ ማስነሳት ነው። ሒሳቡ ይህን ይመስላል፦ ኦርጋኑና ሌዝሊው አብረው 400 ዋት ይወስዳሉ እንበል (ትክክለኛውን ከሰሌዳው አንብቡ)። ከ12 ቮልት ባትሪ 33 አምፒር ይሳባል፣ ኪሳራው ሲጨመር 38 አካባቢ። ከሳውንድ ቼክ እስከ መጨረሻው ዘፈን ሁለት ሰዓት ብትቆዩ 76 አምፒር-ሰዓት ይሆናል። የእርሳስ ባትሪ ከግማሹ በላይ ስለማይራገፍ 150 እና ከዚያ በላይ ያስፈልጋችኋል። ሞተር ሲነሳ የሚስበው ይበልጣልና ኢንቨርተሩ 1000 ዋት ይሁን። ሞዲፋይድ ሳይን የሚባለውን አትንኩት፤ ሞተሩ ይግላል፣ አምፕሊፋየሩም ይጮኻል።

በጄኔሬተር ላይ ሐሞንድ አታስነሱ። ጄኔሬተር ጭነት ሲጨምርና ሲቀንስ ሄርትዙ ይዋዥቃል፤ ከ60 ወደ 61 ብትል ብቻ ፒቹ 29 ሴንት ገደማ ይወጣል። የአዳራሹ መብራት በበራና በጠፋ ቁጥር ኦርጋኑ ይንሸራተታል ማለት ነው። በዘፈን መሐል መብራት ቢሄድም ሞተሩ ሲቆም ፒቹ አብሮ እየወረደ ይሞታል። ሲመለስ እንደገና ማስነሳት ግድ ነው፦ ስታርት የሚለውን ለ8 ሰከንድ ያዝ፣ ሳትለቅ ረን የሚለውን ክፈት፣ ሁለቱንም 4 ሰከንድ ያህል አቆይና ስታርትን ልቀቅ። ስታርትን ቶሎ ከለቀቅህ ጎማዎቹ ተገቢው ፍጥነት ላይ አይደርሱም፣ ድምፅም አይወጣም።

ሦስት ነገር ልጨምር። የ122 ሌዝሊ ኬብል ባለ ስድስት ፒን ነው፤ ውስጡ የመብራት ኃይልም ስለሚያልፍ በርቶ እያለ አትንቀሉት። የ147 ሌዝሊ ኬብልም ልክ ይመሳሰላል፣ ውስጡ ግን ሌላ ነው፤ አንዱን በሌላው ከተካችሁ ታቃጥላላችሁ። ኦርጋኑ ለረጅም ጊዜ ቆሞ ከነበረ ለቶንዊል ጀነሬተሩ (ጥርሳም ጎማዎቹ ላሉበት ክፍል) የተሠራውን ዘይት ቀድማችሁ ጨምሩ። ዘይቱ በጥጥ ክር ቀስ እያለ ነው የሚሰርገው፣ ጥቂት ቀን ስጡት። የመኪና ዘይት ክሩን ይደፍነዋል።

ቢ-3 ከነፔዳሉና ከነወንበሩ ከ180 ኪሎ ያልፋል፣ ወሩም ክረምት ነው። ዝናብ የነካው እንጨት ያብጣል፣ መጋጠሚያውም ይለቃል። ለፍተሻ ሁለት ሙሉ ሳምንት ከሌላችሁ ዲጂታሉን ያዙ። ብሬንትን በተዛባ ፒች ከማሰብ በዲጂታል በትክክል ማሰብ ይሻላል።


ግማሽ ጨረቃ፦

ሲንክሮነስ ያለው ሁሉ ልክ ነው። እኔ ወደ ድምፁ ልሂድ።

«የብሬንት ሴቲንግ» ተብሎ የሚሰጥ አንድ ቁጥር አትፈልግ። ድሮባር በአንድ ዘፈን ውስጥ እንኳ ብዙ ጊዜ የሚንቀሳቀስ ነገር ነው። መነሻ ግን ይኖራል።

ዘጠኙ ድሮባሮች ከግራ ወደ ቀኝ 16፣ 5⅓፣ 8፣ 4፣ 2⅔፣ 2፣ 1⅗፣ 1⅓ እና 1 ጫማ ናቸው። 8 ጫማው የተጫንከውን ኖታ ራሱን ይሰጣል፤ 16ቱ አንድ ኦክታቭ ዝቅ ይላል፣ 4ቱ አንድ ኦክታቭ ከፍ ይላል። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 8 ይሳባል፣ አንዱ እርከን 3 ዲሲቤል ያህል ነው።

ከጊታር ኋላ ስትሆን በ88 8000 000 ጀምር (እያንዳንዱ አሃዝ የአንድ ድሮባር እርከን ነው፣ ከግራ ወደ ቀኝ)፤ ሌዝሊው በዝግታ። አሁን አስብ፦ አንድ ቁልፍ ሦስት ድምፅ ያወጣል፣ አራት ጣት ከጫንክ 12 ድምፅ ነው። ከፒያኖ የመጡ ልጆች የሚሳሳቱት እዚህ ነው፤ በሁለት እጅ ሙሉ ኮርድ ይጭኑና ጊታሩን ይቀብሩታል። ሁለት ወይም ሦስት ኖታ ይበቃል፣ በቀኝ እጅ ብቻ። በዚህ ባንድ ደግሞ የፊል ሌሽ ቤዝ ሩት (የኮርዱ መሠረት ኖታ) ላይ አይቀመጥም፣ እየወጣ ዜማ ይጫወታል። ቤዝ ተጫዋቻችሁ የሱን መንገድ ከተከተለ 16 ጫማው ከሱ ጋር ይጋጫልና ወደ 4 ወይም 5 መልሰው።

ብሬንትን ብሬንት የሚያደርገው ግን የቁጥሩ ጉዳይ አይደለም፤ አወጣጡ ነው። የጊታሩ ሶሎ ከፍ እያለ ሲሄድ ኦርጋኑ ከሥሩ ያብጣል፤ ጫፍ ላይ ሲደርስ አብሮ ይፈነዳል፣ ወዲያው ደግሞ ዝቅ ብሎ ቦታ ይለቃል። ከሱ በፊት የነበረው ኪት ጎድቾ በአመዛኙ የፒያኖ ሰው ስለነበር፣ በ1979 ብሬንት ሲገባ ይህ የሐሞንድ ማዕበል ወደ ባንዱ ተመለሰ። ሌላው ሁሉ ቢጎድል እንኳ ይህን አትተው።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። መጀመሪያ 4 ጫማውን ሳብ፣ ከጥቂት ባር በኋላ 2⅔ን፣ ከዚያ ሌሎቹን አንድ በአንድ። ቀጥሎ ድምፅ የሚጨምረው ፔዳል። ሌዝሊውን ወደ ፈጣኑ የምትቀይረው በመጨረሻ ነው። ፈጣኑን ቶሎ ካበራኸው ሶሎው ጫፍ ሲደርስ የምትጨምረው ነገር የለህም። ሌላም አለ፦ ሌዝሊ ውስጥ ከ800 ሄርትዝ በላይ ያለውን ቀንዱ፣ ከዚያ በታች ያለውን ከበሮ መሰሉ ሮተር ያዞራል። ቀንዱ በአንድ ሰከንድ ገደማ ይፈጥናል፣ ከበሮው ግን ብዙ ሰከንድ ይፈልጋል። ስለዚህ ማብሪያውን ጫፉ ላይ አትጫን፣ አንድ ባር ቀድመህ ተጫን። በ120 ቴምፖ አንድ ባር 2 ሰከንድ ነው፤ ቀንዱ በሰዓቱ ይደርስልሃል፣ ከበሮውም ጫፉ እያለ ይከተለዋል። ዲጂታሉ ላይ ሁለቱን የማፍጠኛ ጊዜዎች ለየብቻ ማስተካከል ከተቻለ እኩል አታድርጋቸው።

ለፈጣን ነጠላ መስመር ፐርከሽን (በኖታው መነሻ ላይ የሚሰማ ምት) ክፈት፦ ሦስተኛ ሃርሞኒክ፣ ፈጣን ዲኬይ (አጠፋፍ)፣ ሶፍት። በእውነተኛው ቢ-3 ፐርከሽን የሚሠራው በላይኛው ኪቦርድ የቢ ፕሪሴት ላይ ብቻ ነው፣ ሲከፈትም 1 ጫማው ይዘጋል፤ ጥሩ ዲጂታሎችም ይህን ይከተላሉ። «ፐርከሽኑ አንዳንዴ ይጠፋል» ብሎ የሚጠይቅ አይታጣም። አልተበላሸም። የሚመታው ሁሉም ቁልፍ ከተለቀቀ በኋላ ለሚመጣው የመጀመሪያ ኖታ ብቻ ነው። አያይዘህ ከተጫወትክ አንዴ ይመታና ዝም ይላል። እንዲመታ ከፈለግህ ጣትህን አንሳ።

ሰስቴን ፔዳል ከኦርጋን ጋር አታገናኝ። ኮርድ ስትቀይር የጋራውን ኖታ ያዝ፣ ሌሎቹን ጣት በጣት እየተካህ አሻግር።

ድምፅ የምትጨምርበት ፔዳል ኤክስፕሬሽን መግቢያው ላይ መሰካት አለበት። መውጫው ላይ ቮሊውም ፔዳል ካደረግህ ድምፁ ይቀንሳል እንጂ ሻካራነቱ አይለወጥም፤ እውነተኛው ግን ፔዳሉ ሲገፋ አምፕሊፋየሩ አብሮ ይሻክራል። የሌላ ካምፓኒ ፔዳል ከሆነና ጫፉ ላይ ብቻ በድንገት የሚሠራ ከሆነ የሽቦው አደራደር ተገላቢጦሽ ነው። መቀየሪያ ያለው ፔዳል ፈልግ፣ ወይም ከኦርጋኑ ሴቲንግ አስተካክለው። ስታጅብ ከግማሽ በላይ አትግፋ።


ካሴት90፦

ቅጂውን በተመለከተ። በ1990 የወጣውን «ዊዝአውት ኤ ኔት» የሚለውን የኮንሰርት አልበም መነሻ አድርጉ። ከ1989 መኸር እስከ 1990 ጸደይ ከተቀዳ የተመረጠ ነው፣ ማለትም የብሬንት የመጨረሻ ወራት። ማርች 29 ቀን 1990 ናሶ ኮሊሲየም ላይ ብራንፎርድ ማርሳሊስ በሳክስፎን የገባበት «አይዝ ኦቭ ዘ ወርልድ» እዚያ ውስጥ አለ። ለኪቦርዲስት ትምህርት ነው፤ እንግዳ ሲመጣ የት እንደሚገባና የት ዝም እንደሚል በእርሳስ ምልክት እያደረጋችሁ ስሙት።

ከዚያ ኢንተርኔት አርካይቭ ግቡ፣ በቀን ፈልጉ፤ አጻጻፉ 1990-03-29 ነው። ለአንድ ምሽት ብዙ ቅጂ ታገኛላችሁ። ሳውንድቦርድ የሚባሉት ከሚክሰሩ የተወሰዱ ናቸው፣ እዚያው ማዳመጥ እንጂ ማውረድ አይቻልም። ኦዲየንስ የሚባሉት ከሕዝቡ መሐል በማይክ የተቀዱ ናቸው፣ ይወርዳሉ። ባንዱ ከ1984 ጀምሮ ለቀጂዎች የተለየ ቦታ ሰጥቶ ስለነበር የነዚህ ጥራት የሚናቅ አይደለም። ጣት ለማጥናት ሳውንድቦርድ ይሻላል፤ ኦርጋኑ ከጊታሩ ጋር በአዳራሽ ውስጥ ምን ያህል እንደሚጮህ ለማወቅ ግን ኦዲየንሱን ስሙ። ለዳታ ለምትጠነቀቁ፦ በ128 ኪሎቢት የሦስት ሰዓት ኮንሰርት 170 ሜጋባይት ይጠጋል።

ማስጠንቀቂያ አለኝ። ብዙዎቹ ከካሴት የተገለበጡ ናቸው፣ የካሴት ፍጥነት ደግሞ ልክ አይደለም። አብራችሁ ከመለማመዳችሁ በፊት አንድ ረጅም ኮርድ በቱነር ለኩ። 30 ሴንት ወጥቶ ካገኛችሁት የኪቦርዱን ማስተር ቱን ከ440 ወደ 447.7 አድርጉ፣ ወይም ቅጂውን በሶፍትዌር አዝግሙት። ከልምምድ በኋላ ወደ 440 መመለስ አይረሳ።

የዘፈን ምርጫ፦ በአንድ ሰዓት ከሰባት አትበልጡ፣ እነዚህ ዘፈኖች ይረዝማሉ። ከ1980 አልበም «ፋር ፍሮም ሚ»፣ ከ1987ቱ «ቶንስ ኦቭ ስቲል» ይግቡ። የ1989ኙ «ቢልት ቱ ላስት» ላይ ከዘጠኙ ዘፈኖች አራቱ የሱ ናቸው፤ ሰው ብሬንትን አጃቢ ብቻ አድርጎ እንዳያስበው ይህን ቁጥር መድረክ ላይ ንገሩ። ከአራቱ «ብሎው አዌይ» ለኦርጋን ሰፊ ሜዳ ይሰጣል። «አይ ዊል ቴክ ዩ ሆም» እሹሩሩ ነው፤ ድራምና ኦርጋን አታስገቡበት፣ ለስላሳ የፒያኖ ድምፅና አንድ ሰው ብቻ።

መዝጊያው «ዘ ዌይት» ይሁን። የዘ ባንድ ዘፈን ነው፤ ጁላይ 23 ቀን 1990 ኢሊኖይ፣ ቲንሊ ፓርክ ላይ ብሬንት ከባንዱ ጋር በተጫወተው የመጨረሻ ኮንሰርት መዝጊያ ሆኖ የተዘፈነው እሱ ነው። ስንኞቹን ተካፍለው ነው የዘፈኑት፣ አንዱ የብሬንት ነበር። ሦስት ድምፅ ስላላችሁ በዚያው መልክ ይከፈልላችኋል።


መድረክ መሪ፦

ስለ አሟሟቱ። አትደብቁት፣ አታስረዝሙትም። ካሊፎርኒያ፣ ላፋየት በሚገኘው ቤቱ ኮኬይንና ሞርፊን ተደባልቀው ገደሉት። ይህ ድብልቅ የሚገድለው ኮኬይኑ የሚያነቃቃው ቶሎ ስለሚያልፍና ሞርፊኑ ትንፋሽን ማዳከሙን ስለሚቀጥል ነው። ታዳሚ ከጠየቃችሁ መልሱ ይኸው ነው፤ መድረክ ላይ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል።

«በግሬትፉል ዴድ የኪቦርድ ወንበር ላይ እርግማን አለ» የሚለውን ወሬ አታንሡ። የመጀመሪያው ኪቦርዲስት ፒግፔን በ1973 በ27 ዓመቱ ያረፈው በሕመም ነው። ኪት ጎድቾ በ1980 በ32 ዓመቱ የሞተው በመኪና አደጋ ነው፣ ያኔም ከባንዱ ከወጣ ከዓመት በላይ ሆኖት ነበር። የአራት ቤተሰብ ሐዘን ወደ አንድ ተረት ሲጠቀለል ሰዎቹ ይጠፋሉ። አራተኛው ከብሬንት በኋላ የገባው ቪንስ ዌልኒክ ነው፣ በ2006 ያረፈው።

የሚነበበውን በአንድ ደቂቃ ጨርሱ፦ ኦክቶበር 21 ቀን 1952 ሙኒክ ተወለደ፤ ኤፕሪል 22 ቀን 1979 ሳን ሆዜ ላይ ከባንዱ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ተጫወተ፤ በዚያ ወንበር ከማንም በላይ ቆየ፤ ጁላይ 26 ቀን 1990 አረፈ። ከዚያ ወደ ሙዚቃው።

ስለ ቀኑም አስቡ። ሐምሌ 19 የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ነው። ከባንዱም ከታዳሚውም ወደ ቁልቢ የሚወጣ ይኖራል፣ የሳውንድ ኪራይና ትራንስፖርትም ይጠብባል። ሐምሌ 16፣ የመጨረሻው ኮንሰርቱ ቀን፣ ለመታሰቢያ እኩል ትርጉም አለው።


ባለ61፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልን። ዲጂታሉን መርጠናል፣ ቀኑም ሐምሌ 16 ሆኗል። አንድ ነገር ቀረኝ፦ የአዳራሹ ሳውንድ ሲስተም ሞኖ ነው፣ የኦርጋኑ ሌዝሊ ሲሙሌሽን ግን ስቴሪዮ። ሁለቱን መውጫዎች በዋይ ኬብል ላዋህዳቸው? ኪቦርዲስቱ ስለሚዘፍንም ማይኩን የት እናቁመው?


ግማሽ ጨረቃ፦

በዋይ ኬብል አታዋህድ። ግራና ቀኙ የተለያየ ፌዝ ስላላቸው ሲደመሩ አንዳንዱ ኖታ ይጠፋል፣ መዞሩም ወደ መንቀጥቀጥ ይለወጣል። ሌፍት/ሞኖ የሚለውን ብቻ ሰካ፤ ሌላኛው ባዶ ሲሆን ብዙ ኦርጋኖች ራሳቸው ትክክለኛ ሞኖ ያወጣሉ። ከዚያ በዲ.አይ ቦክስ (የመሣሪያን መውጫ ከሚክሰር ጋር የሚያገናኝ ሣጥን) ወደ ሚክሰሩ። የሚያጉረመርም ድምፅ ከመጣ ቦክሱ ላይ ያለውን ግራውንድ ሊፍት ሞክር እንጂ የኦርጋኑን መሬት ሽቦ አትንቀል።

በሳውንድ ቼክ ጌይን (ሚክሰሩ የሚቀበለው የድምፅ መጠን) ሲስተካከል 88 8888 888 ላይ ፔዳሉን እስከ መጨረሻ ረግጠህ፣ ሌዝሊው ፈጣን ላይ ሆኖ ሦስት ኖታ ያዝ። ጌይኑ የሚክሰሩ ቀይ መብራት የማይበራበት ቦታ ላይ ይቁም። በለስላሳ ሴቲንግ ጌይን ከተያዘ የመጀመሪያው ማዕበል ሲመጣ ኦፕሬተሩ ደንግጦ ያወርድሃል፣ ከዚያ በኋላ ምሽቱን ሙሉ ኦርጋኑ አይሰማም። ለኦፕሬተሩም አስቀድመህ ንገረው፦ ከፍና ዝቅ የሚለው በፔዳል ነው፣ በፌደሩ (በሚክሰሩ የድምፅ መጠን ማስተካከያ) አትከተለኝ በለው። ኮምፕሬሰር በኦርጋኑ ቻናል ላይ አይግባ፤ ማዕበሉን ያስተኛዋል።

ማይኩን ቡም ባለው ስታንድ ከቀኝ በኩል አምጡት። በአብዛኞቹ ባለ አንድ ኪቦርድ ኦርጋኖች ድሮባሩ በግራ ስለሆነ ስታንዱ በግራ ከቆመ ክንዱ ይጋጫል። ሞኒተሩ ውስጥ ከኦርጋኑ ይልቅ የሌሎቹን ዘፋኞች ድምፅ አብዙለት፤ ብሬንት ብዙውን ጊዜ ከላይ ያለውን ሃርመኒ ነበር የሚይዘው፣ ሌሎቹን ሳይሰማ ያንን የሚይዝ ሰው የለም። ሻካራ ድምፁን ግን ለመኮረጅ አይሞክር፤ ከሦስተኛው ዘፈን በኋላ ጉሮሮው ይዘጋል፣ «ዘ ዌይት» ደግሞ መጨረሻ ላይ ነው ያለው።